ፍራሹ የጮኸ ዕለት

መላው አዳራሽ ወደ እኔ ዞሮ ሲስቅ ነው ልጄ ከእጄ ሊወጣ መሆኑ የገባኝ።

እሁድ ከሰዓት ነበር፤ አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው በታች ባለው የቀበሌያችን አዳራሽ። ቴሌቪዥኑ መድረኩ ላይ፣ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አግዳሚው ሞልቷል፣ ሕፃናት መሬት ላይ ናቸው፣ የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፏል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚወደው አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር። ልጇን ከብሔራዊ ውትድርና ስለምትደብቅ አንዲት ሞኝ እናት ነው። በየሳምንቱ አዲስ ቦታ ትደብቀዋለች፣ በየሳምንቱ ይገኝባታል። የዚያን ዕለት ፍራሽ ውስጥ ሰፍታው ነበር። ጥበቃዎቹ ገቡ። አንደኛው ደከመኝ ብሎ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለ፤ ፍራሹ አቃሰተ። ሁለተኛው የጆንያ መርፌ አንስቶ ወጋ አደረገው፤ ፍራሹ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከፊት ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ዞር አለችና፣ «ውይ፣ የእኛዋ ፍራሽ ሰፊ እዚህ አይደለች እንዴ!» አለች።

በዚያ ቀበሌ ፍራሽ የምሰፋው እኔ ብቻ ነኝ። መርፌዬም እንደ ሁልጊዜው ደረቴ ላይ ተሰክታለች።

«እትዬ፣ ያንቺን ቤት ነው እንዴ ያነሱት?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማስታወቂያ ሠሩላት በሉ! ከእንግዲህ ዋጋ ትጨምራለች።»

የአብዮት ጥበቃ ጓዱ ኃላፊ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እሱም እየሳቀ፣ «እንግዲህ እትዬ፣ ነገ ተራሽ ነው» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ። «ኑ፣ ኑ፣ ግን የወጋችሁትን ትገዙታላችሁ» አልኩ። ሰዉ ይበልጥ ሳቀ። እኔ ግን አግዳሚውን በሁለት እጄ ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

ልጄ ቤት ነበር። ከጥጡ ጆንያ ጀርባ።

አራት ወር ሆኖታል። ዕጣው የደረሰው አሥራ ስምንት ዓመት በሞላው በሳምንቱ ነው። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አዋሽ ላይ ተገልብጦ ከሞተ ቆይቷል፣ ከሱ በኋላ ያለኝ ይሄ አንድ ልጅ ነው። ለቀበሌው ባሌ ክፍለ ሀገር፣ አጎቱ ዘንድ ሄዷል አልኩ። ሂጂና አምጪው አሉኝ፤ ደብዳቤ ጽፌያለሁ አልኩ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ፣ ደብዳቤውን በእጄ ጽፌ አሳየኋቸው፣ ጎበዝ ብለው አመሰገኑኝ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚወጣ ውዳቂ ጥጥ በጆንያ እየገዛሁ ነው የምሠራው። ጆንያዎቹን እስከ ጣሪያ ደርድሬ ከጀርባቸው አንድ ሰው ተኝቶ የሚዘረጋበት ክፍተት ተውኩ። ፍራሽ ውስጥ ሰው ይሰፋል ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ፍራሽ ሰፍቶ አያውቅም። ጥጥ ውስጥ የገባ ሰው እንኳን ሊጮህ ትንፋሹም አይቆይ።

ለሰዉ ቀልድ ነው። ለእኔ ግን ያ ድራማ መርዝ ነበር። ቀልዱ ስለ እኔ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የቀበሌያችን ጥበቃዎች እንደ ትእዛዝ ነበር የሚያዩት። ሴትዮዋ ልጇን በርሚል ውስጥ ያስቀመጠች ጊዜ፣ ሰኞ ጠዋት በየቤቱ እየገቡ በርሚል ገለበጡ፤ የስንት ሰው ውኃ ፈሰሰ። ኮርኒስ ላይ የሰቀለችው ጊዜ የስንቱ ኮርኒስ በዱላ ተቀደደ። ቀሚስና ነጠላ ያለበሰችው ጊዜማ ለቅሶ ቤት ገብተው የሐዘንተኛ ነጠላ ገለጡ። ሰዉም እየተቆጣ ይስቃል። በርሚል በገለበጡበት በዚያ ሰኞ ግን ከላይኛው መስመር አንድ ልጅ እውነትም በርሚል ውስጥ ተገኘ። እናቱ ብልሃቱን ከድራማው ላይ አይታ ነው አሉ። በድራማው ልጁ የተገኘበትን ቦታ ላይ አላየችም ይሆናል፣ ወይም አይታ የእኔ ግን ይሻላል ብላ ይሆናል። እሷ ላይም ሳቁ።

ስለዚህ እየጠላሁት አንድ እሁድ አልቀረሁም። የትኛው ቦታ እንደተበላ ማወቅ ነበረብኝ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ልጄ ድራማውን ይወደዋል። የአዳራሹ ሳቅ አጥር ተሻግሮ እሱ ያለበት ድረስ ይሰማል። በር ከዘጋሁ በኋላ በጆንያዎቹ መሃል አፉን አውጥቶ፣ «እማዬ፣ ዛሬስ የት ደበቀችው?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ሴትዮዋ እንዴት እንደተንተባተበች፣ ጥበቃው እንዴት እንደተደናቀፈ፣ ሁሉንም በደንብ ይዤ እመጣለሁ። እሱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። አራት ወር ፀሐይ ያላየ ልጅ፣ ሌላ የሚያስቀው ምን አለው? እያንገፈገፈኝ እነግረዋለሁ።

ድራማውን የማይወድ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር የማውቀው። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ ከቤቴ ሁለት በር አልፎ ብቻቸውን የሚኖሩ። ድራማው ሲጀምር ሰው ፊት ብድግ ብለው ይወጣሉ። «ይሄ ነገር ሆዴን ያመኛል» ነው የሚሉት። ለዚህ የስኳርና የሳሙና ደብተራቸውን ሦስት ወር ይዘውባቸዋል። እሳቸው ግን እሁድ ይመጣሉ፣ እሁድ ብድግ ብለው ይወጣሉ። እኔ በልቤ እፈራቸው ነበር። አጠገባቸው እንዳልቀመጥ እጠነቀቃለሁ።

ያን ዕለት ዝግጅቱ እንዳለቀ ሳልሮጥ፣ ከሴቶቹ ጋር እየተጨዋወትኩ ቤቴ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ልጄ ወዲያው፣ «ዛሬ ጣሪያው እስኪነሳ ነው የሳቃችሁት። የት ደበቀችው?» አለ።

«ፍራሽ ውስጥ» አልኩት።

«ፍራሽ ውስጥ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ከጆንያው ጀርባ፣ «ነገ ሰኞ ነው» አለ።

እንዲያ እንደተባባልን በር ተንኳኳ። ጆንያውን መልሼ ስከፍት እኚያ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው።

«ይግቡ በይኝ» አሉ፣ ገቡም። በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ምን ላድርግልዎ አባባ?»

«የት ነው ያለው?»

«ማን?»

«ልጄ፣ እኔ ጊዜ አለኝ፣ አንቺ ግን የለሽም። እኔ ከአዳራሹ ስወጣ ቤቴ የምሄድ ይመስላቸዋል። አልሄድም፤ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ቴሌቪዥኑን ስለማልወድ ሰዉን ነው የማየው። የሚስቅ ሰው ዓይኑ ይጠባል። የአንቺ ዓይን ግን ስንት እሁድ ሙሉ እንደ ተከፈተ ነው።»

እዚያው ጥጥ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው አልተቀመጡም።

«የእኔ ልጅ ሲሄድ አልደበቅኩትም» አሉ። «አጉል አባት እንዳልባል። ባንዲራ ይዤ ሸኘሁት። ወረቀት እንኳ አልመጣልኝም፣ አብሮት የነበረ ልጅ ነው መጥቶ የነገረኝ። እንግዲህ እዚያ ተቀምጬ ልሳቅ?»

ያኔ ነው ልጄ ራሱ ጆንያውን ገፍቶ የወጣው። ፀጉሩ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ ጥጥ ተጣብቆበታል፤ እሱም የሸበተ ይመስላል። ሽማግሌው ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያለቀ ፍራሽ አለሽ?»

ነበረኝ። ላንጋኖ ላለ አንድ ሆቴል የሚሄድ ሁለት የጥጥ ፍራሽ ሰፍቼ ጨርሻለሁ። የሆቴሉ የትእዛዝ ወረቀትም እጄ ላይ ነው። የባሌ ጓደኛ የነበረ ሹፌር ወደ ዝዋይ በኩል ሲሄድ ይወስድልኛል፤ እሁድ ማታ ማታ ከከተማችን የሞጆ መውጫ፣ ከነዳጅ ማደያው ነው የሚነሳ።

«አባባ፣ ዛሬ ፍራሽ?» አልኳቸው። «አገሩ ሁሉ ፍራሽ አይቶ የመጣ ዕለት?»

«ፍራሽ አይተዋል፣ አዎ። ውስጡን ነው የሚያዩት። ፍራሽ የተሸከመውን ማን ያየዋል?»

እውነታቸውን ነው። ፍራሽ ተሸካሚ ፊት የለውም። ፍራሹ መሃሉ ጭንቅላቱ ላይ ሆኖ በሁለቱ ወገን እስከ ወገቡ ይወርዳል። የሚታየው እግር ብቻ ነው። ስንት ዓመት ኩሊ ሳሸክም ኖሬ አንዱንም በመልኩ አላውቀውም፣ በተረከዙ ነው የማውቀው።

ሽማግሌው ሄደው የራሳቸውን ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ አመጡ። ልጄ እሱን ለበሰ። እግሩ አራት ወር ጫማም ፀሐይም ሳይነካው ነጥቶ ነበር፤ አመድና ቅባት ቀባሁት፣ እንዲሻክር ተረከዙን በድንጋይ ሞረድኩት። ድንጋዩ አምልጦኝ ጣቱን ላጥኩት፣ እሱ ነው «አይዞሽ እማዬ» ያለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። አንዱን ፍራሽ ሽማግሌው፣ ሌላውን ልጄ። እኔ መሃላቸው። ፀሐይ ገና አልወረደችም። መንደሩን አቋርጠን፣ የዳቦ ቤቱን አልፈን፣ ሰላም የሚለኝን ሁሉ ሰላም እያልኩ ሄድኩ። አንዲት ወተት የምታመጣልኝ ሴት ከአህያዋ ጋር አገኘችንና፣ «አካም ጂርታ! እንዴት ነሽ፣ በሰንበት ሥራ?» አለችኝ። «ሆቴሉ ቸኮለብኝ» አልኳት። ልጄን ከሕፃንነቱ ታውቀዋለች። እግሩን ብቻ አይታ አለፈች።

መውጫው ኬላ ላይ ሁለት ጥበቃዎች አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። እነሱም ድራማውን አይተዋል። ሲያዩን ገና ከሩቅ ሳቃቸው መጣ።

«ኧረ ፍራሽ! ኧረ ፍራሽ መጣ!» አለ ወጣቱ። «እትዬ፣ ልጅሽን ይዘሽ ወጣሽ?»

እኔ ቀልድ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ያን ዕለት ግን አፌ ራሱ ተናገረ። «ሁለት ነው የያዝኩት። የቱ ይሻልሃል?»

ወረቀቱን አየ፣ መለሰልኝ። ከዚያ ከግድግዳው ፌሮ አነሳ፤ ጫፉ የተሳለ፣ ጭነት የሚወጉበት ብረት ነው። መጀመሪያ የሽማግሌውን ፍራሽ ከጎኑ ወጋ። ጓደኛው ከአግዳሚው ላይ ሆኖ በአፉ፣ «ዋይ! እማዬ!» አለለት። ሁለቱም በሳቅ ተጣጠፉ። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ሳቀ።

«አሁን ይሄኛውን» አለ።

እኔ ምን ማለት ነበረብኝ? ፍራሼ ይበላሻል አልኩ። «ሆቴሉ አልቀበልም ይለኛል ወንድሜ» አልኩ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለኝ፤ እንደሚለምን ልጅ። እና ወጋ። በላይ በኩል፣ ከትከሻው አጠገብ ነው የገባው። ብረቱ ሲሄድ አየሁ። ጥጡን እኔ ነኝ የሞላሁት፣ እዚያ ጋ ስንት ጣት ውፍረት እንዳለው አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ገባ።

ፍራሹ አልጮኸም። እግሮቹን አየሁ። የአንዱ እግር ጣቶች መሬቱን ቆነጠጡ፣ ተመልሰው ተዘረጉ። ሌላ ምንም የለም።

«ይሄስ ሞቷል» አለ ያ አግዳሚው ላይ ያለው፣ ደግሞም ሳቁ። ፌሮውን ነቀለው። ጥጥ ደም ይጠጣል። ብረቱ ሲወጣ ጥጡ ጠርጎት ነው የወጣው፣ ወጣቱ ጥበቃም ጫፉን አላየም።

ትልቁ ጥበቃ ግን ሳቁን ሲጨርስ ወደ እግሮቹ ተመለከተ። «እነዚህ ኩሊዎችሽ የት ቀበሌ ናቸው?»

ሽማግሌው ፍራሹን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ፊታቸውን አወጡ። ሽበታቸው፣ ላባቸው፣ ጥርስ የሌለው አፋቸው። «ምን እናርግ ልጄ» አሉት። «ጎረምሳው ሁሉ ዘምቶ ተሸካሚ ሽማግሌ ብቻ ቀረ። እኔ ባቡር ላይ ሠላሳ ዓመት አገልግዬ ዛሬ ፍራሽ ተሸከምኩ። ያኛውማ ጆሮውም አይሰማ።»

ሰውዬው አፈረ መሰለኝ። «እለፉ አባቴ፣ እለፉ» አለ።

ማደያው ጋ ስንደርስ ሹፌሩ መኪናውን አስነስቶ ነበር። ልጄ ፍራሹን ሳያወርድ እንደ ተሸከመው ነው መኪናው ላይ የወጣው። እዚያ ሲወድቅ አየሁት። ነጠላዬን ቀድጄ ትከሻውን አሰርኩት፤ ሥጋው ተከፍቷል፣ አጥንት ግን አልነካም። ወርጄ ሽማግሌውን እጃቸውን ልስም ስል ነጠቁኝ።

«እርስዎም ይምጡ» አልኳቸው። «ነገ እኔን ሲያጡ እርስዎን ነው የሚጠይቁ።»

«እኔን ምን ይወስዱብኛል? ስኳሩን ወስደውታል» አሉኝና እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ከተማ ተመለሱ። በማግስቱ ሰኞ ቤቴ ገብተው ጆንያውን ሁሉ በፌሮ ሲወጉ ውለው፣ ሲያጡ እሳቸውን ወሰዷቸው ሲሉ ከወራት በኋላ ሰማሁ። የት እንዳደረሷቸው የነገረኝ ሰው የለም። ስንት ሰው ጠየቅሁ። ከዚያች ቀን በኋላ አላየኋቸውም።

ሞጆ ላይ ደግሞ አስቆሙን። መሽቶ ነበር። ጥበቃው ገና ፍራሹን ሲያይ ፈገግ ማለት ጀመረ። ሹፌሩ አላስጨረሰውም፤ ወርዶ የተበሳውን ቦታ በባትሪ አሳየው። «አዳማ ላይ ወግተውታል ጌታዬ። እያንዳንዱ ኬላ አንድ አንድ ጊዜ ከወጋው ላንጋኖ ወንፊት ነው የማደርሰው።» ሰውዬው ሳቀና አሳለፈን። ልጄ ሁለቱ ፍራሾች መሃል፣ እኔ ላያቸው ላይ ተቀምጬ ነበር። ትኩሳት ይዞታል። መቂ እስክንደርስ እጄን ከስር አስገብቼ አፍንጫው ጋ ይዤ ትንፋሹን ስቆጥር ሄድኩ።

ዝዋይ ሹፌሩ ዘመዱ ቤት አሳደረን። ንጋት ላይ ሐይቁ ዳር ወሰደን፤ ፍራሾቹን ይዞ ወደ ላንጋኖ ቀጠለ፣ የተበሳውን እንዴት ብሎ እንዳስረከበ እንጃ። የባሌ ታላቅ እህት ከሐይቁ ደሴቶች አንዱ ላይ ነው የምትኖር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የገዛ ልጇ ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ ወስዶኛል። ውኃ እፈራለሁ፣ ሁለተኛ አልሄድም ብዬ ነበር።

የደንገል ታንኳ ያለው አንድ ሰው አገኘን። ማን ናችሁ አላለም። የልጄን ትከሻ አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ ከዚያ ታንኳዋን በእጁ ይዞ፣ «አዮ፣ ታኢ» አለኝ፤ እናቴ ተቀመጪ ማለቱ ነው። ተቀመጥኩ። በደንገሉ መሃል የገባው ውኃ ልብሴን አራሰው፤ ልጄን እቅፌ ውስጥ አስተኛሁት፤ እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ ጆንያ ከበደኝ። ሰውዬው በረጅም ዘንግ እየገፋ ብዙ ሄድን። ዳርቻው ራቀ። ዛፉ ራቀ። መንገዱ ላይ የሚሄደው መኪና ድምፁ ጠፋ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ የሚከተለን አልነበረም።

የባሌ እህት ከድንጋዩ ላይ ቆማ ማን መጣ ብላ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ታይ ነበር። ስታውቀኝ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገባች። ልጄን ከእቅፌ ስትቀበለኝ፣ «ይሄን ያህል አደገ?» ነው ያለችው፣ ሌላ አልጠየቀችኝም። ቤት ወሰደችው፣ ቁስሉን በሙቅ ውኃ አጠበችው፣ በሯ አጠገብ ፀሐይ ላይ አስተኛችው። በአራት ወሩ ፀሐይ መታው። ዓይኑን ጨፍኖ ተኛ። እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ማን አይቷችኋል?» አለችኝ።

«ማንም» አልኳት።

«እንግዲህ እዚህ ማንም አይመጣባችሁም» አለችኝ።

ደርሰናል። ልጄ በሕይወት አለ። ተርፈናል።